ንጋሲ ያጠቆራቸው ዓይኖች

ሰው በሙያው ቢመካ አይፈረድበትም። ክፋቱ የገዛ ሙያው ዓይኑን ሲጋርደው ነው። የዓኽርያውን ፎቶ አንሺ ንጋሲን የገጠመው ይኸው ነው፤ በእናንተ እንዳይደርስ ልንገራችሁ።

ንጋሲ ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ነው። ኤርትራ ነፃ ስትወጣ ሚስቱን ፍቅርተን ይዞ አስመራ ገባና ዓኽርያ በሚባለው ሰፈር፣ ከአውቶቡሱ ፌርማታ ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ከፈተ። ፍቅርተ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ቤታቸው የሚወራው አማርኛ ነበር፤ ትግርኛው ጣልቃ መግባቱ ግን አይቀርም። ገበያው ደራላቸው። ለምን ቢባል፣ ንጋሲ ፎቶ አንስቶ ብቻ አይሰጥማ! ቀጭን ብሩሽና ቀለሙን ይዞ ይቀመጥና የሙሽራዋን ብጉር ያጠፋል፣ የሽማግሌውን ጠባሳ ያለሰልሳል። በተለይ ዓይን ላይ የሚደርስበት አልነበረም። ፍላሽ ሲበራ የሰው ብሌን ቀልቶ ይወጣ የለ? ንጋሲ ጥቁር ቀለም ጠብ ያደርግበትና ያጠፋዋል። «ከእኔ ቤት ዓይኑ የቀላ ሰው አይወጣም» ይል ነበር ደረቱን ነፍቶ።

አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ሚጡ። አራት ዓመት ያልሞላት፣ ምላሷ ግን ሽማግሌ የሚያስንቅ። አንድ ቀን ሲመሻሽ ፍቅርተ ፀጉሯን እየሠራችላት ድንገት ቀና አደረገቻትና፣

«አንተ ንጋሲ፣ እስቲ ና እያት። ግራ ዓይኗ እንደ ድመት ዓይን ያበራል» አለች።

«የመብራት ነጸብራቅ ነው።»

«ፎቶዋ ላይስ? ባለፈው አንዱ ዓይኗ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ሆኖ ወጣ ብለኸኝ አልነበር?»

«እሱንማ አጠፋሁት እኮ!» አለ ንጋሲ፣ ነገሩ ያለቀለት መስሎት።

ለሻሂ ጎራ ያሉት ጎረቤታቸው አደይ ሣህሊቱም ነገሩን አፈኑት። «ዝም በዪ ጓለይ፣ ልጄ። የሴት ልጅ ጉድለት በአደባባይ አይወራም፤ ነገ ማን ያገባታል? ዓይን ውስጥም ትገቢያለሽ።»

«እወ፣ ልክ ብለዋል» አለ ንጋሲ። ፍቅርተ ወደ ሚጡ ፀጉር ተመለሰች፤ ልቧ ግን አላረፈም።

በዚያው ሰሞን ዶክተር ፀጋዘአብ የሚባል የዓይን ሐኪም ከውጭ አገር ኮምፒዩተር ይዞ ተመለሰ። ይህ ኮምፒዩተር እንዲያው ጽሑፍ የሚጻፍበት አልነበረም። ዶክተሩና የትምህርት ቤት ጓደኞቹ የብዙ ሕፃናትን የዓይን ፎቶ፣ የጤነኛውንም የታመመውንም፣ እያሳዩ አስተምረውታል። አዲስ ፎቶ ሲሰጡት ቀድሞ ካያቸው ጋር ያስተያይና ዓይኑ ውስጥ ዕጢ ያለበት የሚመስለውን ልጅ ይጠቁማል። ገና ሙከራ ላይ ነበር። «እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ የከተማውን ሕፃን ሁሉ አልደርስበትም። እሱ ይጠቁመኝ፣ እኔ በመሣሪያዬ አይቼ አረጋግጣለሁ» ይል ነበር ዶክተሩ። ስለዚህ የሰፈሩን መዋዕለ ሕፃናት ልጆች በፍላሽ እንዲያነሳለት ንጋሲን ለመነው። ሚጡም እዚያው ነበር የምትውለው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ! ለዶክተር የሚሄድ ሥራ ነውና ንጋሲ ተጠበበበት። የልጆቹን ብሌን አንድም ሳይቀር በጥቁር ቀለም አሳምሮ አስረከበ! አታሳምር ያለው የለም፤ ዶክተሩ አላሰበውም፣ እሱም አልጠየቀም። ኮምፒዩተሩ ፎቶዎቹን ሁሉ አየና አንድም የሚያሰጋ ልጅ አላገኘም።

ንጋሲ ውጤቱን ሊሰማ ሲሄድ ዶክተሩ በፈገግታ ተቀበለው።

«አያ ንጋሲ፣ እንኳን ደስ አለዎት። የሰፈራችሁ ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው።»

«የእኔዋም?»

«የእርስዎም።»

«ተመስገን! ለመሆኑ ይህ ማሽን ምኑን አይቶ ነው የሚለየው?»

«ብሌኑን ነዋ። ፍላሹ ሲበራ ከጤነኛ ዓይን ቀይ ብርሃን ይመለሳል። ዕጢ ካለ ግን ነጭ ሆኖ ይታያል።»

ንጋሲ በቀለም ያጠቆራቸው ብሌኖች ትዝ አሉት። እውነቱን ሊናገር ቃጣው። ስሜስ? የዶክተሩን ሥራ አበላሸ ቢሉኝስ? ይህን እያሰበ «የቐንየለይ» ብሎ አመስግኖ ወጣ። አያችሁ፣ የልጁ ሕይወት ከፊቱ ቆሞ እንኳ የሰው ልጅ ስለ ስሙ ይጨነቃል!

ፍቅርተ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ነበር። «ምን አሉህ?»

«ደህና ናት አሉ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«እሰይ! እሰይ!» ብላ ዕንባዋን ለቀቀችው። «እኔ ነኝ ክፉ ክፉውን የማስበው። ይኸው ማሽኑ መሰከረልኝ!» ሚጡን ብድግ አድርጋ ስታሽከረክራት ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። ንጋሲን ከዚህ በላይ አላስቻለውም።

«ተይ ፍቅርተ። ማሽኑ ልጃችንን አላያትም። ያየው የእኔን ቀለም ነው።»

ፍቅርተ ሚጡን ቀስ ብላ አወረደቻት። ነገሩ ገብቷታል። «ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አለችው።

ንጋሲ ወደ ፎቶ ቤቱ ሮጠ። ኔጋቲቮቹን አውጥቶ ፎቶዎቹን እንደገና አጠበ፤ ብሩሹን አልነካም። የሚጡ ቀኝ ዓይን ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ግራው እንደ ወተት ነጭ። ፎቶዎቹን ታቅፎ ወደ ዶክተሩ ተመለሰና ያደረገውን ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ።

ዶክተር ፀጋዘአብ መጀመሪያ ፊቱ ተለዋወጠ። ኋላ ራሱን ነቀነቀ። «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔም የማሽኑን መልስ አየሁ እንጂ ፎቶዎቹን መለስ ብዬ አላየሁም። አሁን እንፍጠን።»

በዚህኛው ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሁለት ልጆችን ጠቆመ፤ ሚጡንና እያሱ የሚባል የጎረቤት ልጅ። ዶክተሩ በመሣሪያው ሲያያቸው እያሱ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ማሽኑን ያሳሳተው ልጁ ፎቶ ሲነሳ ወደ ጎን መመልከቱ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ጤነኛ ዓይንም ነጭ ሊመስል ይችላል። የሚጡ ግን እውነት ሆነ። ግራ ዓይኗ ውስጥ ዕጢ በቅሏል።

«ዓይኗን ማትረፍ አንችልም» አለ ዶክተሩ። «እሷን ግን እናተርፋታለን። ዕጢው ከዓይኗ አልወጣም። ዝም ብንለው ኖሮ ወደ አንጎሏ ይዘልቅ ነበር።»

ንጋሲ ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ሚጡ ታከመች፤ ዳነች። በግራ ዓይኗ ቦታ የመስታወት ዓይን ተደረገላት፣ ቀኙ ጤናማ ነው፣ ለፍላፊነቷም ባሰባት እንጂ አልቀነሰም። አደይ ሣህሊቱ እንኳ የልጅ ልጃቸውን እየጎተቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። «ባልስ ቆይቶም ይገኛል» አሉ። ንጋሲም ዛሬ ሕፃን ሲያነሳ በመጀመሪያ ያልተነካውን ፎቶ ለወላጅ ያሳያል። አንዱ ብሌን ነጭ ከሆነ «ይህን ሐኪም ይየው፤ ማሳመሩ ይደርሳል» ይላል።

ወገኖቼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምታችኋል። ማሽኑ የቱን ያህል ቢራቀቅ የሚያየው ያሳየነውን ነው፤ ሐኪሙም ቢሆን እንዲሁ። ልጃችሁ ላይ ያያችሁትን ጉድለት አታሳምሩት፤ ይዛችሁት ሂዱ።

ሚጡ አንደኛ ክፍል ልትገባ ሲሆን ንጋሲ ለትምህርት ቤት የሚሆን ፎቶ አነሳት። ቀኝ ዓይኗ እንደ ወትሮው ቀይ ሆኖ ወጣ፤ የመስታወቱ ዓይን ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ንጋሲ ሁለቱ አንድ ቢመስሉላት ብሎ፣ የቆየ ልማድም አይለቅምና፣ ብሩሹን አነሳ። ሚጡ እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ ቀዩን አታጥፋብኝ። የሚያየው እሱ ነው።»

ንጋሲ ብሩሹን አስቀመጠ። ፎቶው ዛሬም ሱቁ መስኮት ላይ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እንዲያየው ተሰቅሏል።