ሳትሞቅ የሠራችው ስፔክትሮ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰይጣን ራሱ በራፌ ላይ ቢቆም «መጀመሪያ ሽንትህን በብልቃጥ አምጣ» የምል የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፣ ይህቺን አንዷን ነገር ግን እስከ ዛሬ የማደርጋትን አጥቻለሁ።

በደርግ ጊዜ በአምቦ በኩል ጎጆ የምትባል ደጋ ከተማ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። የብስኩት ቆርቆሮ የምታህል ስፔክትሮፎቶሜትር የሚሏት የደም መለኪያ ነበረችን፣ ውስጧ ያለው አምፖል በደሙ በኩል ብርሃን ይሰዳል፣ የደም ማነስ ያለበት ሰው ደም ስለሚቀጥን ብርሃኑ በብዛት ያልፋል፣ መርፌዋም ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አምፖሏ ስለሚያሞቃት፣ አትሳቁብኝና፣ በዚያ ብርድ እጃችንን የምናሞቀው እሷ ላይ ነበር።

አንድ ሰኞ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ባለቤቴን ጫልቱን ለካኋት። የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ደርሳለች፣ አምቦ ሆስፒታል እንሂድ ስላት «እናቴ ሁላችንንም እዚሁ ነው የወለደችን» ብላ አሻፈረኝ ብላለች። መሣሪያዋን አብርቼ እጄን ጣል ባደርግባት በረዶ ናት። ጄኔሬተሩ ደክሞ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የጫልቱን ደም ሳስገባ ከውስጧ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፣ ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ እንደሚሰማው፣ መርፌዋም ቀስ እያለች ቀኝ ጥግ ደረሰች። የቁስል አጣቢያችንን የድሬሰሩን የኦቦ ገመቹን ደም ወስጄ አስገባሁ፣ ጤነኛ፣ ድምፁም ጠፋ። የጫልቱን ስመልስ፣ እመኑኝ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ማል ታቴ? ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ።

«ደምሽ አልቋል፣ ዛሬውኑ አምቦ እንወርዳለን» አልኳት። ድንጋጤዬን አይታ ነው መሰለኝ አልተከራከረችም፣ ድንች የጫነ መኪና ለምነን ጋቢና ገባን።

አምቦ ሲለኳት ደሟ ሙሉ ነው። «እኔን ለማምጣት ዋሸህ!» ብላ አኮረፈችኝ። ኩርፊያው ሳይበርድ ምጥ መጣ፣ ልጅቷ እንደተወለደች ጫልቱ ደም ይፈሳት ጀመር፣ አልቆም አለ። ሐኪሞቹ ተረባርበው፣ ደም ሰጥተው አተረፉልኝ። ጎጆ ብንሆን ኖሮ... ተመስገን ነው፣ ዛሬም ሳስበው እፎይ እላለሁ።

ጎጆ ስመለስ የመሣሪያ ጥገናው ሰውዬ አዲስ አምፖል ይዞ መጥቷል። «አሮጌዋን አምፖል እኮ እሁድ አውጥቼ ወስጃታለሁ፣ ለዘበኛው ነግሬው ነበር» አለን።

ኦቦ ገመቹ ክንዱን እያሻሸ አየኝ። «ታዲያ ሰኞ የኔን ደም በምን ብርሃን ነው ያየኸው?»

አምፖሏ ተገጠመች፣ መሣሪያዋም እንደ ድሮዋ ሞቀች። ልጄ እዚያው አጠገቧ አደገች፣ ስትታመም ደሟን ለማስለካት አምቦ ድረስ እወስዳታለሁ፣ ጫልቱም ትስቅብኛለች። እዚያች መሣሪያ ውስጥ ግን የልጄን ደም አንድም ቀን አላስገባሁም። ጠቅ፣ ጠቅ ብትልብኝስ?