ሃና የማትደርሰው ፊያት

የሣህሌ አስከሬን ሲገኝ ጉሙ ከጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ገና አልተነሣም ነበር። ነጋዴው በጀርባው ተዘርግቷል፤ ደም የለበሰ ጭንቅላቱ ከቀይ ፊያቱ የኋላ ጎማ ጋር ተጠግቷል። የክረምቱ ሣር እስከ ፓራፋንጎው ደርሶ መኪናዋን በግማሽ ውጧታል። በዚያ ሰዓት ከብቱን ወደ ሜዳው የሚለቀው ሰው ሁሉ፣ በዚያ የ1978 ኅዳር ማለዳ ዳር ዳሩን ቆመ። ላሞቹም ወደ መሀል አልገቡም።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ኤርጎ ሲደርስ ጥፋተኛው ተገኝቶ ነበር። መርማሪን ማን ይጠብቃል? መካኒኩ ቦሼ እጁን በገመድ ታስሮ ከተፈሪ ሱቅ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጧል። ባለሱቁ ተፈሪ የሟች ወዳጅ፣ የልጁም የክርስትና አባት ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ያለቅሳል።

«ስድስት ሰዓት ላይ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ መኪና አለ» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር። «ይሄ ሰውዬ በዚያ ይሄዳል። ምርመራህን እስከዚያ ጨርስ።»

በዚያ ዘመን በዚያ መኪና የተጫነ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚናገር አልነበረም። ቦሼም ያውቃል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

ኤርጎ አጭርና ቀጭን ነው። ሰው ሲጠይቅ መልሱ የማያጓጓው ይመስል የገዛ ጫማውን ያያል። ብዙ ሰው በዚያ ጫማ ተታሏል።

«እንዴት ሆነ፣ ጓድ ተፈሪ?»

«ትናንት ማታ ከሃና መንደር በጭነት መኪና ገባሁ። ሳምንት ቆይቼ መመለሴ ነው። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ሣህሌ ሊጠይቀኝ መጣ። እዚሁ ቆመን ስናወራ ‹ዘይት ሸተተኝ፣ ልየው› ብሎ በጀርባው ተንሸራቶ ከሥሯ ገባ። ወዲያው መኪናዋ ሄደችበት። ቅዳሜ ይሄ ቦሼ ነካክቷት ነበር አሉ። የእጅ ፍሬኑን አላልቶት ነው።»

«ክሪክ አላስገባም?»

«ምን ክሪክ ያስፈልጋል፣ ሃምሳ አለቃ? እንደ ሁልጊዜው ገባ እንጂ።»

በድንጋጤው መሀል ማንም ልብ አላለውም። በእኛ አገር መኪና ማለት ላንድሮቨር ነው፤ ጃንጥላ ዘርግተው ከሥሩ ቢገቡ አይነካም። ክሪክ የሚፈልግ መካኒክ ካለ ጎማ ሊፈታ ነው።

ኤርጎ ፊያቷ ውስጥ ገባ። የእጅ ፍሬኑ ወርዷል። ሳበውና ሁለት ጎልማሶች እንዲገፏት አዘዘ። ገፏት፤ ንቅንቅ አላለችም። ወርዶ ወደ ቦሼ ሄደ። ሁለቱም የአሪ ልጆች ናቸው።

«በአማርኛ ተናገር» አለው። «ሁሉም ይስማህ። ቅዳሜ ምን ሠራህላት?»

«ዝቅ አደረግኋት። የፊቷን ሞላ በአጭር ቀየርኩ። የኋላዋን ባሌስትራ፣ ድርብርቡን ብረት፣ አስተኛሁ። ዝላይዋን የሚይዘውን አሞርዛተርም አጭርና ጠንካራ አስገባሁ። ሞላው አጥሮ አሞርዛተሩ እንደ ድሮው ከቀረ እንደ ፍየል ትዘላለች።»

«ድሮስ ዝቅ ያለች ነበረች?»

«ኧረ ምን! እኔው ነኝ የሰቀልኳት። ባሌስትራዋ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ፣ ብረት ደርቤ ከፍ አደረግኋት። ሁለቴም ከሃና ሲመለስ ነው የተሰበረው።»

«ታዲያ አሁን ለምን አወረድካት?»

«ጠየቅኩት እኮ። ‹ጋሼ ሣህሌ፣ በዚህ እንኳን ሃና፣ እዚህ ቅርብ ካኮም አትደርስ› አልኩት። ‹እንዳትደርስ ነው› አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።»

ኤርጎ ከጫማው ላይ ዓይኑን አነሣ።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ ያስመጣው አብደላ ነበር። ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ ጥያቄ ሳይቀርብለት ጀመረ።

«ሦስት ዓይነት ሞላ ነው ያመጣሁለት፣ ሃምሳ አለቃ። ትንሽ ብቻ ዝቅ የሚያደርገውን ውሰድ፣ ወገብህም ይተርፋል አልኩት። እሱ ከሁሉም አጭሩን አነሣ። ሞላውን ከሞላው ጋር አቁሞ በስንዝሩ ለካው።»

«ሊጋልብባት አስቦ ይሆን?»

«በሃምሳ ዓመቱ? ያንን ሆድ ይዞ? የኛ ሰፈር ሰው ጎረምሳ ሆነ ብሎ ሲስቅበት ሰነበተ። እሱ ግን አልሳቀም።»

የሟች ሚስት ሙሉወርቅ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። ኤርጎ ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«እትዬ ሙሉወርቅ፣ ሃና ምን ያመላልሱ ነበር?»

«ከተፈሪ ጋር ጨው ይወስዳሉ። ሸጠን ባዶ ተመለስን ይላሉ።» እንባዋን ጠረገች። «ስትሄድ ከነጨው ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ስትመለስ ኋላዋ መሬት ይልሳል። አንድ ቀን ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹አትጠይቂኝ፣ አንቺም እንዳትጠየቂ› አለኝ።»

ኤርጎ አንዱን ፖሊስ ጠርቶ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ፖሊሱ በተፈሪ ሱቅ ጓሮ በኩል ዞረ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የአርባ ምንጩ መኪና ሞተር ተነሣ። ኤርጎ ሁሉንም በፊያቷ ዙሪያ አቆማቸው፤ ሊቀመንበሩን፣ ሙሉወርቅን፣ አብደላን፣ ተፈሪን፣ ቦሼንም ከነገመዱ። ሁለት ሰዎች በማጭድ ሣሩን ዙሪያውን አጨዱት። ሣሩ ሲወድቅ የመኪናዋ ሆድ ታየ። ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም።

«ጓድ ተፈሪ» አለ ኤርጎ፣ «እንደ ሣህሌ ይግቡልኝ።»

ተፈሪ ተንበረከከ። እጁን ሰደደ፤ እስከ ክርኑ ገባ። ትከሻው ላይ ሲደርስ አላልፍ አለው።

«እርስዎ ከሣህሌ ይቀጥናሉ» አለ ኤርጎ። «ስለዚህ ሣህሌ ከሥሯ አልገባም። ቁስሉም ከኋላ ነው። በጀርባው ተኝቶ የገባን ሰው ጎማ ቢያገኘው ፊቱን ነበር የሚያገኘው። ፍሬኑ ጤነኛ ነው፤ ስስበው ይዟል። በእጅ ያወረደው ሰው አለ። ከተማው ሁሉ ፊያቷ ዝቅ ማለቷን ያውቃል፤ ከሥሯ ገባ ብሎ የሚዋሽ የለም። ሳምንቱን ሃና የከረመ፣ በጨለማና በሣር መሀል ያያት ሰው ግን ይዋሻል።»

«ወገንህን ልታድን ነው» አለ ተፈሪ ሳይነሣ።

«ባዶ መኪና ባሌስትራ አይሰብርም፣ ጓድ ተፈሪ። ጨው ተሸጦ ሲመለስ ከጨው የሚከብድ ነገር ነበር።»

ፖሊሱ ከሱቁ ወጣ። በጆንያ የተጠቀለለውን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ገለጠው። ጨው የለበሱ ሁለት የዝሆን ጥርሶች ነበሩ።

«ሣህሌ ፈርቶ ነበር» አለ ኤርጎ። «አልሄድም ቢል እርስዎ አይለቁትም። ቢናገር አብሮ ይታሰራል። ስለዚህ መኪናዋ እንዳትሄድ አደረገ። እኛ የሳቅንበት ይሄ ነው።»



ተፈሪ መሬቱን እያየ ተናገረ። «የቀረው ጥርስ ሃና ጫካ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ዛሬ እንሂድ አልኩት። ‹መኪናዬ አትችልም› አለኝ። ሦስት ጊዜ ‹አትችልም› አለኝ። አሳልፎ ሊሰጠኝ ያሰበ መሰለኝ። የሚዛኑ ብረት በእጄ ነበር፤ ከኋላው መታሁት። ሰበብ መሰለኝ።»

«ሰበብ ነበር» አለ ኤርጎ። «እውነት አድርጎት ነው የመጣው። ጎንበስ ብለው ቢያዩ ይበቃዎት ነበር።»

የቦሼን ገመድ ፈታና ለፖሊሱ ሰጠው። ፖሊሱም ተፈሪን በዚያው ገመድ አሰረ። የአርባ ምንጩ መኪና ተፈሪን ጭኖ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ሄደ።

ሰው ሲበተን ሙሉወርቅ አልሄደችም። ቦሼ የእጅ አንጓውን እያሻሸ አጠገቧ ቆመ።

«ቅዳሜ ስትሠራት እሱ የት ነበር?» አለችው።

«አጠገቤ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ።»

«ምን ይል ነበር?»

«‹እርግጠኛ ነህ አትደርስም?› እያለ ይጠይቀኛል። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ያኔ ቀለል አለው፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ ነገረኝ፤ ዳቦ አስመጣና አብረን በላን።»