ጋሽ ታደለ ያልሠሯት መርከብ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሣ ሻያቸውን ጨልጠው ብድግ ከሚሉት ወገን ነኝ። ጎረቤቶቻችን የፈላ ውኃ ደጅ ከመድፋታቸው በፊት ጂኑ እንዲርቅ ሲያስጠነቅቁት እያየሁ፣ በሆዴ እየሳቅሁ ነው ጅግጅጋ ያደግሁት፣ በዚያ ላይ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ነፋስ ለምን እንደሚነፍስ ለተማሪ የማስረዳ ሰው ነኝ። ግን ጋሽ ታደለ ቤት ያየሁትን አይቻለሁ፣ ሙስጠፋም አብሮኝ አይቷል፣ እመነኝ።

ጋሽ ታደለ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ባሕርተኛ ነበሩ፣ ባሕሩ ከእጃችን ሲወጣ እሳቸውም ዞረው ዞረው እዚህ ጅግጅጋ ጄኔሬተር ጠጋኝ ሆነው ቀሩ፣ እዚሁ አገቡ፣ ባለቤታቸውንም እዚሁ ቀበሩ። ሳሎናቸው ግን እንደ ሰው ሳሎን አይደለም፣ ሁለት አሮጌ በሮች ገጥመው በርሜል ላይ አጋድመው፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው ባሕር አድርገውታል። በላዩ ላይ ከሳርዲን ጣሳና ከጃንጥላ ሽቦ የሠሯቸው፣ ከጣት የማይበልጡ የጦር መርከቦች ተሰልፈው ይቆማሉ፣ መድፋቸው ሳይቀር ይዞራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ እኔና ከበርበራ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሰው ነጋዴ ወዳጄ ሙስጠፋ እንሄዳለን፣ በሜትር እየለካን መርከቦቻችንን እናስጠጋለን፣ በሉዶ ዳይስ እንተኩሳለን፣ የተመታችውን እናነሣለን፣ እሳቸውም «መምህር፣ ጎንህን ሰጠኸው እኮ! መርከብ ጎኑን ለጠላት ይሰጣል እንዴ?» እያሉ ይቆጡኛል። እኔ ደግሞ ባሕር በካርታ ካልሆነ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ጠረጴዛው ላይ ወደብ ብለው ከሰየሙት ጥግ አጠገብ ሁልጊዜ ባዶ የሚተዉት አንድ ቦታ ነበረ። ሙስጠፋ አንድ ቀን «አዴር» አላቸው፣ በሶማልኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው፣ «ለዚህም ቦታ አንዲት ይሥሩለት እንጂ፣ ጣሳውን እኔ አመጣለሁ።»

«የበላይነህ ቦታ ናት» አሉት፣ «የሱ መርከብ ገና ባሕር ላይ ናት፣ ያልተመለሰችውን እንዴት አድርጌ ነው የምሠራት?»

በላይነህ የልብ ጓደኛቸው ነበር። አንድ ጠዋት በቅኝት ጀልባ ከወደብ እንደ ወጣ ቀረ፣ አስከሬንም ወሬም አልመጣም። አንደኛ ሚዜህ እኔ ነኝ ይላቸው ስለ ነበር፣ ጋሽ ታደለ በሰርጋቸው ቀን ከጎናቸው አንድ ወንበር ባዶ አስቀምጠው ነው ያገቡት። ባሕር ኃይሉ እንደገና ሊቋቋም ነው የሚል ወሬ የተሰማ ሰሞንማ ሬዲዮኑን አቅፈው «አሁን ይፈልጉታል» ሲሉ፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ከዚያ ልባቸውን ያማቸው ጀመር፣ ልጃቸው ሰብለ ልትወስዳቸው ከአዲስ አበባ መጣች። ነገ ሊሄዱ ዛሬ «የመጨረሻ አንድ ጨዋታ» ብለው ጠሩን።

ፀሐይ ወደ ካራማራ ተራራ እያዘቀዘቀች ነበር፣ መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ፣ እኛም በመስኮቱ ብርሃን መጫወታችንን ቀጠልን። መጀመሪያ የሰማሁት ድም ድም ድም የሚል ድምፅ ነው፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ነው ብዬ ተውኩት፣ ኋላ ሳዳምጠው ግን ከውጭ አይደለም የሚመጣው፣ ከጠረጴዛው ነው፣ እጄን ባሳርፍበት እንጨቱ መዳፌ ሥር ይንቀጠቀጣል። ሙስጠፋ ዳይሱን በጡጫው እንደ ጨበጠ ቀረ።

«መምህር፣ ይሸትሃል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ እኮ የበርበራ ሽታ ነው።»

ከጠረጴዛው ጠርዝ፣ ምንም ካልነበረበት ቦታ፣ አንዲት ግራጫ መርከብ ቆማለች። ጣሳ አይደለችም፣ ምን እንደሆነች አልነግርህም ምክንያቱም አላውቅም፣ ግንባሯ ላይ የክብሪት ራስ የምታክል መብራት በርታለች። ስትሄድ አላየኋትም፣ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ግን ስገልጥ ቀርባ አገኛታለሁ። ጋሽ ታደለ አልደነገጡም፣ ከወንበራቸው ተነሥተው የኮሌታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ከዚያ አጠር አጠር አድርገው አፏጩ። ከጠረጴዛው ላይ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፣ ፉጨት መለሰላቸው።

ያቺ ባዶ ቦታ ላይ ስትደርስ መብራት መጣ፣ መርከቢቱም የለችም። በሰማያዊው ቀለም ላይ ግን ከጠርዙ እስከ ወደቡ ቀጭን የውኃ መሥመር ተሰምሯል፣ ሙስጠፋ በጣቱ ነክቶ ቀመሰውና «ጨው ነው» አለ።

ሰብለ ከጓዳ ብቅ አለች፣ «አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታፏጨው?»

እሳቸው ግን እኔን ነው ያዩኝ። «ዘግይቶ ነበር እንጂ ቀርቶ አልነበረም» አሉኝ፣ ፊታቸው ላይ እንዲያ ያለ ዕረፍት ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

በማግሥቱ ሄዱ። አሁን ደኅና ናቸው፣ ስንደዋወል ስለ ጅግጅጋ አቧራ ሳይቀር ይጠይቁኛል፣ አንድ ቀን ደፍሬ «ስለዚያ ስለ በላይነህ…» ብል ግን «የምን በላይነህ ልጄ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፣ እሳቸው አልሳቁም። ሰብለን ብጠይቃት ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳል፣ ያንን ስም ብቻ ሰምቼው አላውቅም ይላል አለችኝ።

እኔ ደግሞ መርከቧን ካየሁባት ቀን ጀምሮ ሆዴ ይባባል። እያስተማርኩ ቾኩን እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ እህል ቀርቦልኝ ዓይኔ በር በሩን ያያል። ሙስጠፋ አዘነልኝና «ና ባሕሩን ላሳይህ፣ ይወጣልሃል» ብሎ በመኪናው ይዞኝ ወጣ፣ ድንበሩ ጋ ዋጃሌ ስንደርስ ግን መኪናውን አቁም አልኩት።

«ምን ሆንክ ወንድሜ?» አለኝ።

«የናፈቀኝ ሰው አለ፣ እዚያ ባሕሩ ጋ ሳይጠብቀኝ አይቀርም» አልኩት፣ እንዴት እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

«ማን?»

አፌን ከፈትኩ፣ በላይነህ እንዳልል እሱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ የናፈቀኝ ሰው ስም ግን አልመጣልኝም። ሙስጠፋ መኪናውን ወደ ጅግጅጋ አዞረው።