በሣሩ ጥግ የማይጠፋው ቱልት

ዋና ሳጅን ምሥራቅ ከዓለም ከተማ ገበያ ጀርባ ወዳለው ግቢ ስትደርስ ሬሳውን ማንም አልነካውም ነበር። ወይዘሮ ጌታነሽ በግንባራቸው ሣሩ ላይ ተደፍተዋል። ጀርባቸው ላይ የመድኃኒት መርጫ ታዝሏል፤ አጠገባቸው ክዳኑ የተከፈተ የጸረ አረም ጠርሙስ ወድቋል። ከፊታቸው አጠገብ ትውከት ተደፍቶ ዝንብ ወሮታል። የኬሚካሉ ሽታና የትውከቱ ክርፋት ተደባልቋል።

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው «መርዙን ስበውት ነው» ይባባላል።

ምሥራቅ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ጎንበስ አለችና ትውከቱን በስንጥር ገለጥ ገለጥ አደረገችው። አብሯት የመጣው ፖሊስ ፊቱን አዞረ። እሷ ግን አልተወችውም። መሐሉ ላይ ገና ያልላመ የሥጋ ቁራጭ አየች። ከዚያ የመርጫውን ማንገቻ ተመለከተች። እስከ መጨረሻው ተለቅቆ ስለነበር በርሜሉ ከአጭሯ ሴትዮ ወገብ በታች ወርዶ ተንጠልጥሏል።

ወይዘሮ ጌታነሽ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ግቢያቸውን ሣር አለበሱት፤ በግ የማይገባበት ሣር ለምን ይተከላል ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ስቆባቸዋል። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ያምር ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን በአጥሩ ጥግ ቱልት በቅሎ አስቸገራቸው። ይህ ቅጠለ ሰፊ አረም ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ቢቆርጡትም ተመልሶ ይመጣል።

አሥራ ስምንት ዓመት አብራቸው የኖረችው ሰርካለም እያለቀሰች የምታውቀውን ተናገረች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤት ሄዳ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ስትመለስ ነው ሬሳውን ያገኘችው። ወይዘሮ ጌታነሽ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም። የአረም መድኃኒትም ይጠሉ ነበር። ይረጭ ይረጭ እያሉ የሚጨቀጭቋቸው የወንድማቸው ልጅ ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ ነበሩ።

«ትናንት ማታ ምን ተባባሉ?» አለች ምሥራቅ።

«እትዬ ‹ነገ እስከ ሥሩ ቆፍሬ እገላገለዋለሁ› አሉ። ጋሽ ኃይለ ኢየሱስም ሰምተዋል። ምግባቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ።»

የግቢውን የፊት ክፍል ተከራይቶ ዘርና ኬሚካል የሚሸጠው ዓብዱረህማን ነው። ከጠርሙሱ የተነሣ የሰው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነበር። አንዱ ጎረቤት ስለ ሥጋው ሲሰማ፣ በሁዳዴ ሥጋ የሚበላ ሌላ ማን አለ ሲል አጉረመረመ። ዓብዱረህማን ይህን ሰምቷል። ቁመቱ ከባንኮኒው ብዙም የማያልፈው ይህ ሰው፣ ረመዳን ላይ እንደሆነና ከንጋት ጀምሮ ወደ አፉ ምንም እንዳልገባ በዝግታ ተናገረ። መርጫውንና ጠርሙሱን ኃይለ ኢየሱስ «አክስቴ ፈልገው ነው» ብለው ትናንት ማታውኑ እንደወሰዷቸውም ነገራት።

«ቱልት ለምን እዚያ ጥግ ላይ ብቻ በቀለ?» ስትል ጠየቀችው።

«ቱልት የተቆፈረ አፈር ይወዳል። ሣሩ ጥቅጥቅ ካለ ቦታ አያገኝም። እዚያ ጋ አንድ ሰው ሣሩን አንሥቶ መልሶታል።»

ኃይለ ኢየሱስ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ናቸው፤ ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው። ጠዋቱን ብቻቸውን በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት እንዳሳለፉ ተናገሩ። ስለ ጾምና ስለ ሞት እያነሡ አለቀሱ። የለቅሶውን ድንኳን ሣሩ ላይ ያስተከሉትም እሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ ሐኪሙ ለምሥራቅ ደወለላት። ሟቿ መርዝ አልዋጡም፤ ሆዳቸውም ባዶ ነበር። አፍንጫቸውና ጉሮሯቸው ግን አፈር ሞልቶታል። አንድ ሰው ፊታቸውን አፈር ላይ ተጭኖ አፍኗቸዋል። ምሥራቅ ስልኩን ዘግታ ምሳዋን ሳትነካ መለሰችው።

ለሠልስቱ ቄሱ፣ ጎረቤቱና ዘመዱ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ ገባች። ኃይለ ኢየሱስ እንደ ሁለቱ ቀናት ሁሉ በአጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል። ምሥራቅ ይቅርታ ጠይቃ መናገር ጀመረች።

«ትውከቱ የወይዘሮ ጌታነሽ አይደለም። እሳቸው ባዶ ሆዳቸውን ነበሩ። ገዳዩ ነው ያስመለሰው። ሬሳው አጠገብ ሲቆም የገዛ ሥራው አጥወለወለው። ያን ጠዋትም ሥጋ በልቷል። ዓብዱረህማን ቢበላ የሚበላው ከንጋት በፊት ነው፤ እስከ ቀትር ሥጋው እንዲህ ሳይላም አይቆይም።»

ምሥራቅ ቀጠለች።

«መርጫው ደግሞ ለረጅም ሰው በተለቀቀ ማንገቻ ነበር። ገዳዩ አዝሎት የመጣው ሳይቆፈር ሊረጭ ነው። እሳቸው እምቢ ብለው ቁፋሯቸውን ቀጠሉ። ሲያጎነብሱ ጊዜ ፊታቸውን የቆፈሩት አፈር ውስጥ ደፈቀው። ከዚያ ጉድጓዱን መልሶ ሞልቶ ሬሳውን ወደ ሣሩ ሳበና፣ መርጫውን ከጀርባው አውርዶ አሳዘላቸው። ማንገቻውን ማሳጠር ግን ረሳ። ቁፋሮውን እንዲህ የሚያስፈራው ምንድን ነው?» ወደ ጥጉ ዞረች። «ጋሽ ኃይለ ኢየሱስ፣ እባክዎ ከዚያ ወንበር ይነሡልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አልተነሡም።»

ኃይለ ኢየሱስ አልተነሣም። ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አነሡት። ቱልቱ በወንበሩ እግር ተጨፍልቋል። ከሥሩ ክንድ ያህል እንደተቆፈረ በላስቲክ የተጠቀለለ የብር መጾር መስቀል ወጣ። አምና ከቤተ ክርስቲያኑ የተሰረቀው መስቀል ነበር። ያኔ ምሕላ ያሳወጀውና በሕዝቡ ፊት ደረቱን እየመታ ያለቀሰው ኃይለ ኢየሱስ ራሱ ነው።

ቄሱም እጁ እንዳይነካቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ አሉ።

ወደ መኪናው ሲወስዱት ለምሥራቅ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ልለምንሽ» አላት። «መግደሌን ጻፊ። የሥጋውን ነገር ግን ክሱ ላይ አትጻፊው። በሁዳዴ መብላቴን ሰው ሁሉ እንዳያወራው።»

ምሥራቅ ፊቱን አየችው። የአክስቱ ትንፋሽ ከእጁ ሥር ስለመቆረጡ አንድም ቃል አልወጣውም ነበር። ከዚያ በፊት አንቱ እያለችው ነበር።

«ግባ አንተ» አለችው።

ለሠልስቱ የቀረበው ንፍሮ ከሱ ቤት የመጣ ነበርና ማንም አልቀመሰውም። ለቀስተኛው ሲበተን ሰርካለም በትሪው እንዳለ አንሥታ ከግቢው ውጪ ደፋችው።