የጿሚዎቹ ጠርሙስ

ዶክተር ተኽላይ ካዛንቺስ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ በብረት ዘንግ በተደጋጋሚ ተመትቶ ደቋል፤ ደሙ እስከ መስኮቱ ተረጭቷል። መጀመሪያ ያየችው ረዳቱ ማዕዛ ናት። ልታነሳው ስትታገል ልብሷ በደም ስለራሰ፣ ሳጅን በለጠ ካቴናውን አውጥቶ ቆሟል። ማዕዛ የአምስት ወር ልጅ ታጠባለች።

ኢንስፔክተር አምሳለን ጥድፊያ ያናድዳታል። «ካቴናውን መልስ» አለችውና ወደ ማዕዛ ዞረች። «ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«በጠርሙስ ውስጥ ተህዋስያን እናስርባለን። ማለቴ፣ ስድስት ዓመት ምግብ ነፍገናቸዋል። ብዙዎቹ ያልቃሉ፤ የተረፉት የሞቱትን እየበሉ፣ በጥቂት ጉልበት መኖር የሚችል ዘር ይተካሉ። ጋሼ ተኽላይ ጿሚዎቹ ይሏቸዋል። ሾርባ፣ ማለትም የተህዋስያን ምግብ፣ ቢሰጧቸው እንኳ አይስገበገቡም፤ ለማደፍረስ አራት ቀን ይፈጅባቸዋል። ተርበው የማያውቁት፣ የጠገቡት ግን በአንድ ሌሊት ያደፈርሱታል።»

«ጠርሙሶቹ የት ናቸው?»

«በመብራት ፈረቃው ምክንያት ሁሉም በአንዴ እንዳይበላሹ በየቤታችን ነው የምናስቀምጣቸው። የእኔ ሰንጋ ተራ፣ የባልደረባችን የታዲዎስ ጎተራ። ትናንት ጋሼ ከሁለቱም ጠብታ ወስደው ሾርባ ላይ ጨመሩ።»

መስኮቱ ስር ባለው መደርደሪያ ላይ ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ቆመዋል፤ አንዱ የጠራ፣ አንዱ የደፈረሰ። ስም የተጻፈባቸው ፕላስተሮች ወደ ግድግዳው ዞረዋል።

የሟቹ ባልደረባ ታዲዎስ ደፉን አልተሻገረም። «ከትናንት ጀምሮ እዚህ አልገባሁም» አለ። «ግን በቃ፣ ግልጽ ነው። የደፈረሰው የማዕዛ ነው። ጠርሙሷን ማበላሸቷን ሲደርስባት ገደለችው።»

ዘበኛው ጋሽ አጥናፉ አንገታቸውን ደፉ። «ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ሄጄ ነበር። ማን እንደገባ አላየሁም።»

አምሳለ ቱቦዎቹን አንስታ ፕላስተራቸውን በጥንቃቄ ላጠች። ከዚያ ጠርሙሶቹን እንዲያመጣ በለጠን ወደ ጎተራና ወደ ሰንጋ ተራ ላከችው። ጉዳዩ እስኪጣራ ማዕዛ ልጇን ታቅፋ ፖሊስ ጣቢያ አደረች።

በማግስቱ ሁሉም ቤተ ሙከራው ተሰበሰቡ።

«ቱቦዎቹ ላይ የተረጨው ደም ከፕላስተሩ ስር ነበር» አለች አምሳለ። «ስለዚህ ፕላስተሮቹ የተለጠፉት ከግድያው በኋላ ነው። ገዳዩ ስሞቹን አቀያየረ። ማዕዛ ብትሆን የራሷን ስም በደፈረሰው ላይ አትለጥፍም። ጋሽ አጥናፉ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቁም። አቶ ታዲዎስ፣ እርስዎ ግን በሩ ላይ ቆመው፣ ወደ ግድግዳ የዞረ ስም እንዴት አነበቡ?»

አምሳለ ሌላ ቱቦ አንስታ አሳየች።

«ትናንት ባለሙያ ጠርቼ ከሁለቱ ጠርሙሶች ሙከራውን እንደገና አስጀመርኩ። የጎተራው ይኸው ደፍርሷል።»

«ጠርሙሱ ታክሲ ውስጥ ተሰበረብኝ» አለ ታዲዎስ ድምፁ እየሰለለ። «የስድስት ዓመት ልፋት በአንድ ፍሬን አለቀ። በሌላ ጠርሙስ የጠገቡትን ሞልቼ ዝም አልኩ። ተኽላይ ጠዋት ጠርቶኝ ጉዱን ለሁሉም እናገራለሁ አለ። ለመንኩት እኮ።»

ወዲያው ከጠረጴዛው ላይ ስባሪ መስታወት ነጥቆ ወደ ማዕዛ አንገት ተወረወረ። አምሳለ ወንበሩን አንስታ ክንዱ ላይ አሳረፈችበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ካቴናው በመጨረሻ ባለቤቱን አገኘ።

የማዕዛ ቱቦ በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም ጠርቶ ዋለ። በአራተኛው ቀን ደፈረሰ። ማዕዛ ልጇን በአንድ እጇ ይዛ መዝገቡ ላይ ውጤቱን ጻፈች፤ ተመራማሪ በሚለው ቦታ ላይ የተኽላይን ስም አሰፈረችና አለቀሰች።