ሃርድ ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር

ዘርአጽዮን ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ማለዳ፣ ቢሮው ካለበት ሕንፃ ጓሮ በተከመረው ብሎኬት ላይ ነበር። የወደቀው ከአራተኛው ፎቅ በረንዳ ነው። ገርጂ በዚያ ዓመት በየቀኑ ፎቅ የሚበቅልባት ሰፈር ነበረች፤ በረንዳው መከለያ ብረት ሳይገጠምለት ቢሮው ይከራያል። ሁሉም ቸኩሏል፣ ብረት እስኪገጠም ማን ይጠብቃል?

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሚስቱ ሄሊና ቢሮው ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሰውነቷ በድን ሆኖባታል፤ የተቀመጠችበት ወንበር እንኳ አይሰማትም። ኮሪደሩ ላይ «ራሱን ጣለ» ሲባል፣ «ፍትሐቱስ እንዴት ሊሆን ነው?» ሲባል ሰምታለች። እሷን የያዛት ግን ሌላ ነው። ትናንት ጠዋት «ይሄ ፍላሽህ እራት አይሆነንም» ብላው፣ መልስ ሳይሰጣት ወጥቶ ነበር። ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላለች በልቧ።

ኢንስፔክተር ደሪቱ ስትገባ «አይዞሽ» አላለቻትም። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ዝግ ብላ የምትራመድ፣ ሁሉን ነገር ቀስ ብላ የምታይ ሴት ናት።

«ባለቤትሽ ሥራው ምን ነበር?»

«የተጣለ ኮምፒውተር ማስነሳት» አለች ሄሊና። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ትንሽ ሲስተም ፍላሽ ላይ ይጭናል። ፍላሹን ሰክተው ሲያበሩት አሮጌው ማሽን ይሠራል።»

ደሪቱ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ጎንበስ አለች። ጎኑ ክፍት ነው። «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ጎድሏል።»

«ሃርድ ዲስኩ ነው። ራሱ ነው ያወጣው፣ ያለሱም እንደሚሠራ ለሰው ለማሳየት።»

ኢንስፔክተሯ ኮምፒውተሩን ከፊትም ከኋላም ዳበሰች። አንድም የተሰካ ፍላሽ አላገኘችም። እጇን ከአቧራው አራግፋ ጥበቃውን አስጠራች።

አባባ ጉቱ ሕንፃው ከቆመበት መሬት ላይ ድሮ ጤፍ ያርሱ ነበር፤ አሁን በሩን ይጠብቃሉ።

«መብራት የሄደው መሸት ሲል ነው» አሉ። «እሱ ጋ መጥታ የነበረችው አስተማሪ ከዚያ በፊት ወጥታለች። ዘመዱ ኢዮስያስ የወጣው መብራት ከመጣ በኋላ ነው። ሌላ ሰው አልገባም፣ አልወጣም።»

«ሲወድቅ አልሰሙም፣ አባባ?»

«በጨለማው ጊዜ የጎረቤቱ ጄኔሬተር እየጮኸ ምን ይሰማል፣ ልጄ?»

«መብራቱ ሲመጣስ?»

«ያኔማ አጠፉት። ከዚያ ወዲያ ጓሮው ድመት ብትዘል እሰማ ነበር።»

ቀጥላ የገባችው ሸምሲያ ነበረች፣ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የምታስተምር ወጣት። ከቦርሳዋ አንድ ፍላሽ አወጣች። «ትናንት እሱ ነው የሰጠኝ፣ ትምህርት ቤት ሞክሪው ብሎ። ያለቀለት ይሄ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ላይ ዛሬ ሊገለብጥልን ነበር።» በጣቷ መደርደሪያውን አሳየች፤ ፍላሾቹ ከነማሸጊያቸው ተቀምጠዋል።

«ስትወስጂው ኮምፒውተሩ አልጠፋም?»

«አልጠፋም። እኔም ገርሞኝ ጠየቅሁት። ሲነሳ ሲስተሙ በሙሉ ሜሞሪው ላይ ይጫናል አለኝ። ፍላሹ ቢነቀልም ይሠራል፣ መብራት ከሄደ ግን በቃ፣ ያለ ፍላሹ አይነሳም።» ትንሽ አመነታች። «ከአቶ ኢዮስያስ አዲስ ኮምፒውተር ልንገዛ ነበር። ትተነዋል። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ሊተዉ ነው።»

ኢዮስያስ የሟቹ አክስት ልጅ ነው። ኦሎምፒያ ሱቅ ከፍቶ ከውጭ የሚያስመጣቸውን ኮምፒውተሮች ይሸጣል። ዓይኑ አብጧል።

«አብረን ነበርን» አለ። «መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩን አብርቶ ሥራውን ቀጠለ። የስክሪኑ ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር። "ደክሞኛል" አለኝ። ምነው ጥዬው ባልሄድኩ!»

ያቺ ቃል ሄሊና ላይ እንደ ድንጋይ ወደቀች። አዎ፣ ደክሞት ነበር። ያደከመችው ማን ሆነና?

ደሪቱ ሦስቱንም ሄሊና ባለችበት ሰበሰበቻቸው። «አቶ ኢዮስያስ፣ ትናንት እንዳበራው አድርገው ያብሩልኝ።»

ቁልፉን ተጫነ። ማራገቢያው ጮኸ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?»

«የሚነሳበት ሲስተም የለም ይላል።» ቶሎ ብሎ ከኋላ ዳበሰ። «ፍላሹን ማን ነቀለው?»

«ዘርአጽዮን ራሱ። መብራት ሳይሄድ በፊት ለሸምሲያ ሰጥቷታል። ማሽኑ መሥራቱን ስላላቆመ እርስዎ አላወቁም።»

«እንግዲያው ሌላ ፍላሽ ሰክቶ ይሆናል።»

«ሌሎቹ ማሸጊያቸው አልተከፈተም። መብራት ከመጣ በኋላ ይሄን ኮምፒውተር ማንም ሊያስነሳው አይችልም። ፊቱ ላይ አየሁት ያሉት ብርሃን አልነበረም። ታዲያ ለምን ፈጠሩት? መብራት ሲመጣ በሕይወት ነበር ለማለት ነው። ግን ያኔ ቢወድቅ አባባ ጉቱ ይሰሙ ነበር። የወደቀው ጄኔሬተሩ ሲጮኽ፣ በጨለማው ነው። በጨለማው አብሮት የነበረው ደግሞ አንተ ብቻ ነህ።»

«እርስዎ» መባሉ መቅረቱን ሁሉም ልብ አለ። ኢዮስያስ ወንበር ፈልጎ አጣ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ሱቄ ሊዘጋ ነው፣ ይሄን ነገር ተው ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። በረንዳው ላይ ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት።»

«ደክሞኛል ያለውስ?» አለች ሄሊና። ከጠዋት ጀምሮ ሳትጠየቅ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«አላለም።»

«ምን አለ ታዲያ?»

ኢዮስያስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «"ሄሊናን አስቀይሜያታለሁ፣ መብራቱን አልጠብቅም፣ ልሂድ" አለኝ። ከበረንዳው ወጥቶ ወደ ደረጃው ሊሄድ ሲል ነው መንገዱን የዘጋሁበት።»

ሄሊና እንባዋን ጠበቀች፤ አልመጣም። ተነሥታ በሩን ከፈተች። ኮሪደሩን የሞሉት ዘመዶች ወደ እሷ ዞሩ።

«ለቀሳውስቱ ንገሯቸው» አለች። «ባሌ ራሱን አልጣለም። ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር።»