የዘሩ ጄሪካን

ወዳጄ፣ ሰው በመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ በውኃ ጥም ይሞታል ብልህ ታምነኛለህ? እስኪ ረጋ ብለህ ስማኝ። ነገሩ ረጅም አይደለም፤ ሆድ ግን ያባባል።

ጊዜው ደርግ ነው፤ የሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ። ሽንፋ ወንዝ አጠገብ አንዲት ትንሽ የመንግሥት የሰሊጥ እርሻ ጣቢያ ነበረች። ሹፌሯ ዘሩ ሰኞ ጧት አሮጌዋን የናፍጣ ላንድሮቨር አስነሥቶ የቀን ሠራተኛ ሊያመጣ ወደ ሸሕዲ ሄደ። እዚያ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል ተብሎ ማንም አልፈለገውም። ሐሙስ ዕለት ከብት የጠፋባቸው ሰዎች በጫካው አቋራጭ ሲያልፉ አገኙት። ጀርባውን ለጎማው ሰጥቶ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮ፣ ሞቷል።

ከሸሕዲ ፖሊስ የተላከው ሃምሳ አለቃ ማተቤ ነው። ድሮ ጦር ሠራዊት ውስጥ መካኒክ ነበር። ሚስቱ በወባ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይተኛል። ብዙ አይናገርም፤ ያየውን ግን አይረሳም።

«ቁስል የለውም፤ ጥም ነው የገደለው» አለ አብሮት የመጣው የጤና ረዳት ቸሩ። «ግን ከንፈሩም ጢሙም ናፍጣ ይሸታል። ጠጥቶ ይሆን እንዴ?»

«ናፍጣ ማን ይጠጣል ወንድሜ?» አለው ማተቤ።

ማተቤ አማትቦ ሬሳውን ሸፈነና ወደ መኪናዋ ዞረ። ባትሪው ሞቷል። ኮፈኑን ከፈተ። የናፍጣ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ላይ ያለችው የአየር ማስወጫ ብሎን ላልታለች፤ ካቻቢቴው እዚያው ወድቋል። ከብሎኗ ሥር የቆርቆሮ ጣሳ ተቀምጧል። አሸተተው፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ከኋላ የመጠባበቂያው ጄሪካን ክዳኑ ተከፍቶ ተጋድሟል፤ ሲያነቃንቀው ከሥሩ ትንሽ ነገር ተንቦጫረቀ። የመኪናዋን ታንከር ወደ ባልዲ አንጠፈጠፈው። ከላይ ጣት የማታህል ናፍጣ፣ ከታች ሙሉ ውኃ።

ከሟቹ ደረት ኪስ ማኅተም ያለው ወረቀት ወጣ። «የመንግሥት ተሽከርካሪ ጥሎ የሄደ ሹፌር በአሻጥር ይጠየቃል» ይላል።

«ለዚህ ነዋ በእግሩ ያልሄደው!» አለ ቸሩ።

ጣቢያው ሲደርሱ የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ዳኛው በር ላይ ጠበቃቸው።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው ሃምሳ አለቃ። ናፍጣውን በውኃ በርዞ የሸጠልን ሷሊህ ነው። አስሬዋለሁ። ቅዳሜ በሚመጣው መኪና ጎንደር ይሄዳል።»

በዚያ ዘመን በአሻጥር ጎንደር የተላከ ሰው መመለሱን እግዜር ይወቅ። ማተቤም ያውቃል። ያለው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሷሊህ ከድንበር ናፍጣ እያመጣ የሚሸጥ የሽንፋ መንደር ነጋዴ ነው። ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

«ወላሂ ሃምሳ አለቃ፣ የትልቁን ልጄን ስም ያወጣልኝ ዘሩ ነው። እሱን ልግደል? የውኃ ጉድጓዱ ሞተር ዛሬም በኔ ናፍጣ ይሠራል። አይሰሙትም?»

እውነትም ዱግ ዱግ ዱግ ይላል፤ ሳያነጥስ።

የመጋዘን ጠባቂውን ፀሐዩን ጠራው።

«ከዘሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ?»

«በካርታ ጨዋታ ነው ጌታዬ! አጭበርባሪ አለኝ። ነኝም።»

«ናፍጣ መቼ ቀዳ?»

«ቅዳሜ። ራሱ ቀዳ፤ ሃያ ሊትር ታንከሩ፣ ሃያ ሊትር ጄሪካኑ። ሸሕዲ ደርሶ ለመመለስ ይተርፈዋል። የነዳጅ መለኪያዋ፣ ጌጇ፣ ከሞተች ቆይታለች፣ በቀዳው ነው የሚተማመን። ከዚያ ወዲህ የናፍጣ በርሜሉ ቁልፍ ከወገቤ አልወረደም።»

«መኪና ትነዳለህ?»

«እኔ? በሬ እንኳ መንዳት አልችል!»

ዘበኛው አያ ደሞዝ በሩ ጥግ ተቀምጠው ዱላቸውን ይልጣሉ።

«አያ ደሞዝ፣ እሑድ ማን ወጣ፣ ማን ገባ?»

«እሑድማ ሰው ሁሉ ሽንፋ ሠርግ ነበር፤ ዘሩም። እኔ... ዓይኔ ደክሟል ልጄ።» ማተቤን ከላይ እስከ ታች አዩና «ኮትህ ሁለተኛው ቁልፍ ጎድሎታል። የሚተክልልህ ሰው የለም?» አሉት።

«የለም» አለ ማተቤ። ዓይናቸው እንዳልደከመ ግን ገባው።

በመጨረሻ ጓድ ዳኛው ቤት ገባ። ዳኛው ከግድግዳው ጥግ ካለ በርሜል አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ሰጠው።

«ኧረ ይኸ ውኃ ይጣፍጣል! ከየት ነው?»

«ከደጋ፣ ከአይከል። የቆላው ውኃ ሆዴን ያመኛል። በየወሩ የሚያመጣልኝ ዘሩ ነው... ነበር።»

ማተቤ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ባዶ ኮዳው ውስጥ ጨመረ። ዳኛው «የበረሃ ሰው ውኃ አይጥልም» ብሎ ሳቀ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ማተቤ አራት ሰሃን መጋዘኑ ደጅ ፀሐይ ላይ ደረደረ። በአንዱ የጉድጓድ ውኃ፣ በአንዱ የወንዝ፣ በአንዱ ከጄሪካኑ ሥር የቀረውን፣ በአንዱ ኮዳው ውስጥ የያዘውን ጨመረ። የመተማ ፀሐይ ለሰው አታዝን፣ ለውኃ ታዝናለች? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው።

ቅዳሜ ጧት የጎንደሩ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ ቆሟል። ማተቤ ሁሉንም ሰብስቧል። ሷሊህ እጁ እንደታሰረ ነው።

«ውኃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ ታች ይተኛል» ብሎ ጀመረ። «ሞተር ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ውኃው ቅዳሜ ከናፍጣ በርሜሉ የተቀዳ ቢሆን መኪናዋ ከዚህ በር አትርቅም ነበር። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። እንግዲህ ውኃው የገባ መንገድ ላይ ነው።»

«ማን አስገባው?» አለ ፀሐዩ።

«ራሱ ዘሩ። ናፍጣ አለቀበት፣ ጄሪካኑን ከፍቶ አሸተተ፣ ናፍጣ ሸተተው። ለካ ከላይ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ውኃ ነው። ገለበጠው። ናፍጣ ያለቀባት መኪና አየር ትይዛለች፤ አየሩን ሊያስወጣ ብሎኗን አላልቶ ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ ገፋ፣ ገፋ። የመጣለት ውኃ ነው። ያን ጊዜ እንደ ተታለለ ገባው።»

«ከንፈሩስ?» አለ ቸሩ።

ማተቤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የያዛት ውኃ ስታልቅበት ከዚያችው ብሎን ሥር በጣሳ እያጠራቀመ ጠጣ። ናፍጣው እያቃጠለው፣ የጠጣውን እያስመለሰው።»

ቸሩ ፊቱን አዞረ።

«አሁን ሰሃኖቹን እዩ። የጉድጓዱ ውኃ ደርቆ ነጭ ጨው ትቷል። ሷሊህ የሚጠጣው የወንዙ፣ ጭቃ ትቷል። የጄሪካኑ ትንሽ የናፍጣ ወዝ ብቻ ነው፤ ጨውም ጭቃም የለው። እንዲህ ንጹሕ የሆነ አንድ ሰሃን ብቻ አለ፤ ይኸ አራተኛው። ከጓድ ዳኛው በርሜል ነው። ከጉድጓዱ ለመቅዳት ሞተር ማስነሣት ያሻል፣ ሰው ያያል፤ የሱ በርሜል ግን ቤቱ ውስጥ ነው። ደግሞስ ቅዳሜ ለደርሶ መልስ የተቀዳው ናፍጣ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ያለቀ፣ እሑድ ሰው ቢነዳት ነው፤ ማነው የጨረሰው? ከዘሩ ሌላ እዚህ የሚነዳ፣ ትርፉ የመኪና ቁልፍም በእጁ ያለ ማን አለ?»

«እኔን ነው የምትል?» ዳኛው ተነሣ። «የማነህ አንተ! ማስረጃ አለህ?»

ያን ጊዜ አያ ደሞዝ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ።

«ጓዴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ለሃምሳ አለቃው ፈርቼ ነው የዋሸሁ። እሑድ ጧት በሩን የከፈትኩልዎ እኔ ነኝ። ማታ የከፈትኩልዎም እኔ ነኝ። ነገ ዘሩ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?»

ዳኛው በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሲናገር የኃላፊ ድምፅ አልነበረም።

«ወንድሜ ሱዳን ነው፣ ገዳሪፍ። ከተሰደደ ሦስት ዓመቱ፤ ይኑር ይሙት አላውቅም። ድንበር ላይ፣ መተማ፣ መልእክት የያዘ ሰው ይመጣል አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ብጠብቅ ማንም አልመጣ። ውኃ የጨመርኩበት ናፍጣው የት ደረሰ እንዳልባል ነው... ሰው ይሞታል አላልኩም። ዘሩ ሲመለስ እተካዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ሷሊህንስ? እሱንም ትተካው ነበር?»



ማተቤ የሷሊህን ገመድ ፈታ። ከዚያ ወደ ቆሙት ሰዎች ዞሮ «የወንድሙን ነገር የሰማ አለ?» አለ፤ ከስደተኛ ጋር መላላክ ያን ጊዜ ራስ የሚያስበላ ነገር ነው። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሷሊህ ራሱ ገመድ የላጠውን እጁን እያሻሸ «እኔ አማርኛ አይገባኝም» አለ። ማተቤም መዝገቡ ላይ «እሑድ ለግል ጉዳይ መኪና ወሰደ» ብሎ ጻፈ። የዘሩን ሞት ግን አንዲት ቃል ሳያስቀር ጻፈው፤ ዳኛውም ለሷሊህ በመጣው መኪና ሄደ።

በቀብሩ ማግስት በበርሜሉ የተረፈውን የአይከል ውኃ ለለቅሶተኛ አመጡት። ማንም አልጠጣም። ማተቤ ብቻ ከውኃው በኮዳው ቀድቶ ዘሩ መቃብር ላይ አፈሰሰው፤ አፈሩ ወዲያው ጠጣው።

አንተም ወዳጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የበረሃ መንገደኛ ስትሸኝ የያዘውን ጄሪካን ክዳኑን ከፍተህ፣ እንጨት ከትተህ፣ እስከ ሥሩ እይለት።